አምፖል ሥር የመጣችው ብርቱካናማ ተርብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዝናቡ ባባራ ምሽት የበረንዳው አምፖል ሲበራ ከእሳት እራቶቹ ጋር አንዲት ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ብርቱካናማ ነፍሳት ትመጣለች። ግድግዳው ላይ አርፋ አንቴናዋን ያለ ዕረፍት ታርገበግባለች። ሆዷ ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ ነው። ጥገኛ ተርብ ነች፤ እንቁላሏን ትል ላይ ወይም ትል ውስጥ ትጥላለች፣ እጯም ትሉን በልቶ ያድጋል። ስለ እሷ የሚወራው ብዙ ነው፤ ትክክሉ ግን ጥቂት።

«ሌሊት አምፖል ላይ የሚመጣ ተርብ መሳይ ሁሉ እሷ ነው»

አይደለም። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያምታታው ክንፍ ካለው የጉንዳን ወንድ ጋር ነው። እሱ ወፍራም፣ ጸጉራም፣ ቋሊማ የመሰለ ሲሆን አምፖሉ ሥር ወለሉ ላይ ሲንደፋደፍ ይታያል፤ አንቴናውም አጭር ነው። የተርቧ አንቴና ግን እንደ ክር የቀጠነ፣ ከሰውነቷ የማይተናነስ ርዝመት ያለው ነው።

«ከነደፈች መርዟ አደገኛ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። በጣት ቢይዟት የአንዳንዶቹ አጭር መውጊያ ቆዳ ይበሳል፤ ያማል፣ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል። ነገር ግን የምትጠብቀው ቀፎ ወይም ጎጆ ስለሌላት ሰው አታሳድድም። ብርጭቆ ደፍተውባት ከሥር ወረቀት አስገብተው ወደ ውጭ ማውጣት ይበቃል።

«ቀለማቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዝርያ ናቸው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ተሸውጄበታለሁ። ብርቱካናማ ቀለም፣ ረጅም እግርና አናት ላይ ያሉት ሦስት ትልልቅ ነጠላ ዓይኖች የዘመድነት ምልክት አይደሉም፤ የሌሊት ሥራ ልብስ ናቸው። በዝምድና የተራራቁ ተርቦች ወደ ሌሊት ኑሮ ሲገቡ ሁሉም ይህንኑ ልብስ ለብሰዋል።

ስለዚህ ቀለሙን ትቶ ክንፉን ማየት ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ካለ የፊት ክንፉን ዘርግተው ጅማቶቹን ይከተሉ። ወደ ክንፉ ጫፍ አካባቢ፣ ከታች በኩል፣ ሁለተኛዋ ተሻጋሪ ጅማት ከሌለች ተርቧ ጭራሽ ከሌላ ቤተሰብ፣ ከብራኮኒዴ ናት፤ ሆሞሎበስ የሚባለው ጂነስ (የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ስብስብ) እንዲህ ያታልላል። ጅማቷ ካለች ወደ ኢክኒውሞኒዴ ገብተናል፤ ይህ ቤተሰብ ብቻውን ወደ 25,000 የሚጠጉ የተገለጹ ዝርያዎች አሉት። ቀጥሎ ክንፉ መሐል ላይ ዙሪያዋን በጅማት የታጠረች ትንሽ ክፍል ትፈለጋለች። ካለች ተርቧ ኔቴሊያ ከሚባለው ጂነስ ልትሆን ትችላለች። ከሌለች ወደ ኦፊዮኒኔ ንዑስ ቤተሰብ እንሄዳለን።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል መጣ። በዚያው ክንፍ ላይ የፈረስ ራስ የሚመስል ሰፊ ክፍል አለ። እሱ ውስጥ ጸጉር የሌለው መላጣ ቦታ ካለ፣ መላጣው ላይም ሻይ ቀለም ያላቸው ጠንካራ ጠብታ መሳይ ቁርጥራጮች ካሉ፣ ተርቧ ኤኒኮስፒለስ ናት። በዓለም ላይ ከ700 በላይ ዝርያዎች ያሉት ጂነስ ነው፤ በሞቃት አገሮች፣ አፍሪካንም ጨምሮ፣ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ የሚለዩት በእነዚያ ጠብታዎች ቅርጽና ብዛት ነው። ተመራማሪዎቹ ጎልድ እና ሚቸል በ1978 እ.ኤ.አ. የአፍሪካዎቹን ኦፊዮኒኔዎች ሲያደራጁም ዓይናቸውን የጣሉት እዚህ ላይ ነበር። ኔቴሊያ ላይ ግን ክንፍ ብቻውን አያዋጣም፤ ዝርያውን በእርግጠኝነት ለመለየት ብዙ ጊዜ የወንዱን የመራቢያ አካል መመርመር ግድ ይላል።

«ጥሩ ፎቶ ካለ ስሟ ይታወቃል»

ክንፏ ተዘርግቶ ከተነሣ ጂነሱ ሊታወቅ ይችላል። ዝርያውን በፎቶ ብቻ የሚነግርዎትን ግን ይጠራጠሩ። አውሮፓ ውስጥ የዝርያዎች ስም አወጣጥን የዘረጋው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰየማት ኦፊዮን ሉቴዩስ አለች፤ ኦፊዮን ከኦፊዮኒኔ ጂነሶች አንዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብርቱካናማ ኦፊዮን በተገኘ ቁጥር ይኸው ስም ሲለጠፍ ኖሯል። በ2019 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ዮሐንሰን እና ሴደርበርግ የስዊድንን ኦፊዮኖች አንድ በአንድ ሲከልሱ 18 አዳዲስ ዝርያዎች ወጡ። ያውም በራሱ በሊኔየስ አገር!

«ዲኤንኤ ካለ ሌንስ ምን ያደርጋል»

ለመለያ የሚወሰደው ከማይቶኮንድሪያ (ከሕዋስ ኃይል ማመንጫ) የተገኘ፣ 650 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ የሆነ አጭር ቁራጭ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ተመሳሳይ የመሰሉትን ይለያል፣ ወንድና ሴትን ያገናኛል። ግን የሚነጻጸረው ቀድሞ ከተመዘገበ ናሙና ጋር ነው። ያንን ናሙና አንድ ሰው በስህተት ሰይሞት ከነበረ ማሽኑም ስህተቱን በእርግጠኝነት ይደግመዋል።

«ጥገኛ ከሆነች ጎጂ ናት»

ለትሉ እንጂ ለእኛ አይደለም። ኔቴሊያ ትሉን ነድፋ ለጥቂት ጊዜ ታደነዝዘውና አንጸባራቂ ጥቁር እንቁላሏን አፉ ከማይደርስበት ቦታ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ትተክላለች። እንቁላሉ ግንድ አለው፤ ግንዱ ቆዳው ውስጥ ስለሚሰካ ትሉ ቆዳ ቢቀይርም አይወድቅም። ትሉ ነቅቶ መብላቱን ይቀጥላል፤ ሙሽሬ ለመሆን አፈር ሲገባ ግን እጩ ይጨርሰዋል። ከእነዚህ ትሎች መካከል የገበሬው ጠላት የሆኑት ቆራጭ ትሎችና ተምቾች ይገኙበታል። መጤው የአሜሪካ ተምች በ2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ሲገባም ከሚያጠቁት ጥገኛ ተርቦች መካከል ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለች ትንሽ ተርብ ተገኝታለች፤ እሷ እንኳ ከብርቱካናማዎቹ ወገን አይደለችም።

«የሞተችውን በመርፌ ሰክቶ ማስቀመጥ ይበቃል»

ወረቀቷ ከሌለች ከንቱ ናት። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ በእርሳስ ይጻፍ። ጠርሙስ ውስጥ ካሳደጉት ትል የወጣች ከሆነ ደግሞ ትሉ ይበላው የነበረው ተክል ስምም ይጨመር፤ የትሉንም ባዶ ቆዳ አይጣሉት፣ ከተርቧ ጋር እዚያው መርፌ ላይ ይቀመጥ።