መልቲሴንሰሪ ምንድን ነው? ልጆችን «የዓይን» እና «የጆሮ» ብሎ መክፈል አይደለም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ እየተመለስሁ ነበር። የሚኒባሱ ሬዲዮ ስለ ኬጂ ትምህርት ያወራል። ሥራዬ ነውና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እንግዳው «መልቲሴንሰሪ ማለት እያንዳንዱን ልጅ በሚመቸው የስሜት ሕዋስ ማስተማር ነው» አሉ። «በዓይኑ የሚማር አለ፣ በጆሮው የሚማር አለ፣ በእጁ የሚማር አለ። ወላጅ መጀመሪያ ልጁ የትኛው እንደሆነ ይለይ።» ከጎኔ የተቀመጡት እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነታቸውን ነው እታለም፤ የእኔው ልጅ የዓይን ነው» አሉኝ።

ይህን ለመጻፍ የወሰንሁት ያን ቀን ነው። አባባሉን በሥልጠና ላይ ከመምህራን ሰምቼዋለሁ። በወላጆች ስብሰባም ሰምቼዋለሁ። አንዴማ የአራት ዓመት ልጅ የውጤት ካርድ ላይ «የጆሮ ተማሪ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። የአራት ዓመት ልጅ! ገና ዓለምን በአፉ እየቀመሰ ያለ ልጅ።

የሬዲዮው እንግዳ ልጆቹን ከፈሏቸው። መልቲሴንሰሪ የሚለው ቃል ግን የሚናገረው ስለ ልጆች ዓይነት ሳይሆን ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ ነው። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ በዓይንም፣ በጆሮም፣ በጣትም፣ በአፍም ይገባል። እነዚህ ሁሉ እዚያው አንድ ልጅ ውስጥ ይገናኛሉ። ለሁሉም ልጅ እንዲሁ ነው።

ሞሰብ ሲሰፋ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የስፌት ልቡ ስንደዶ ነው። ስንደዶው ይያዝና አክርማ ይጠመጠምበታል። ወስፌው ያለፈውን ዙር ይበሳል፤ አክርማው በቀዳዳው ያልፍና አዲሱን ዙር ከታችኛው ጋር ያስረዋል። ልጁ እንዲማረው የምንፈልገው ነገር ስንደዶው ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ጣት፣ አፍ አክርማዎቹ ናቸው። ሁሉም አንዱ ስንደዶ ላይ ነው የሚጠመጠሙት። ወስፌው ደግሞ የመምህርቷ ጥያቄ ነው፤ የዛሬውን ትናንት ከተማሩት ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው።

አሁን ያማረ አለላ ገዝታ ስንደዶ የረሳችን ሴት አስቡ። ቀዩም አለ፣ አረንጓዴውም አለ፣ ወይን ጠጁም አለ። ሞሰብ ግን አይወጣላትም። ብዙ ኬጂ ስገባ የማየው ይህንኑ ነው። የላስቲክ ፍራፍሬ፣ ብልጭልጭ ወረቀት፣ ጥጥ፣ ቀለም ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ልጆቹ ይነካካሉ። «ዛሬ ምን እንዲማሩ ነው?» ብዬ ስጠይቅ «የስሜት ሕዋሳቸውን እንዲጠቀሙ» እባላለሁ። የስሜት ሕዋሳቸውንማ ቤታቸውም ሆነው ይጠቀማሉ።

«የዓይን ልጅ፣ የጆሮ ልጅ» የሚሉት ደግሞ ለአንዷ ወስፌ ብቻ፣ ለሌላዋ አክርማ ብቻ ሰጥተው ከሁለቱም ሞሰብ የሚጠብቁ ናቸው።

በአንድ ፊደል ላሳይ። መምህርቷ «ቡ»ን ልታስተምር ነው። «ቡ ለቡና» ብላ የተቆላ ቡና በሳህን ይዛ ትገባለች። ልጆቹ ያሸታሉ፣ ይዳስሳሉ። አንዱ ይቀምስና ፊቱን ያጨማድዳል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ደስ የሚል ጊዜ ነው። ግን ስለ «ቡ» ምን ተማሩ? የቡናው ሽታ ስለ ቡና ይናገራል። ስለ ፊደሉ ቅርጽ አይናገርም፤ ስለ ድምፁም አይናገርም። አፍንጫቸው ሌላ ስንደዶ ላይ ነው የተጠመጠመው። የዕለቱ ትምህርት ቃላት ከሆነ፣ ማለትም ጥሬ፣ የተቆላ፣ መራራ፣ ደቃቅ የሚሉትን ልታስተምር ከሆነ፣ ያው ሳህን ቡና ግሩም ነው። እኔ መምህራንን ስገመግም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ በዚህ ስሜት የሚቀበለው ነገር የዕለቱን ትምህርት ተሸክሟል ወይ? ስሜቶቹ ሁለትም ይሁኑ አምስት ቁጥራቸው አያሳስበኝም።

አሁን ቡናው ይቅርና ትሪ ላይ ደረቅ አሸዋ ይነስነስ። ልጅቷ በጠቋሚ ጣቷ «በ»ን ትጽፋለች፤ ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ሁለት እግር። ከዚያ ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጣቷን ወደ ውጭ ትስባለች። «ቡ» ትላለች። ትሪውን ነቅነቅ አድርጋ ታጠፋዋለች። እንደገና ትጀምራለች። አሁን ጣቷ እስከ እግሩ ጫፍ ወርዶ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። «ቢ።» አሁንም አጠፋችው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት ሠራች። «ቤ።» በዓይን ብቻ ለሚያይ የአምስት ዓመት ልጅ «ቡ» እና «ቢ» መንታ ናቸው። ለጣት ግን አንዱ ወገብ ነው፣ አንዱ እግር። ዓይኗ ጣቷን ይከተላል፤ አፏ ድምፁን ይላል፤ ጆሮዋ የራሷን ድምፅ ይሰማል። አራቱም የተጠመጠሙት በአንድ ስንደዶ ላይ ነው። ወጪው አንድ ትሪ አሸዋ ነው። ልጁ ስልሳ ሆኖ ትሪው አንድ ከሆነ ደግሞ ግቢ ይውጡና መሬት ላይ በጭራሮ ይጻፉ።

ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤት ከፈተች። ለልጆቹ ፊደልን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ በጣታቸው እየተከተሉ ድምፁን እንዲሉ ታደርግ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሎራንስ ባራና ባልደረቦቿ በፈረንሳይ አጸደ ሕፃናት ነገሩን ፈተኑት። ፊደሉን በእጃቸው የዳሰሱ ልጆች በዓይናቸው ብቻ ካዩት ይልቅ የፊደልንና የድምፅን ዝምድና በተሻለ ተረዱ። የሰጡት ማብራሪያ ይጥመኛል። ዓይን ፊደሉን በአንዴ ይይዘዋል። ድምፅ ግን በጊዜ ውስጥ ተራ በተራ ነው የሚመጣው። ጣትም ተራ በተራ ይሄዳል። ስለዚህ ጣት በሁለቱ መሀል ድልድይ ይሆናል። ይህን ስናገር ግን እኔው ራሴ ማሳሰብ አለብኝ፤ ጥናቱ በላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ ይይዛል፤ በዚያ ላይ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። የፈረንሳዩን ውጤት እንዳለ ገልብጦ «በአማርኛም ተረጋግጧል» ማለት ልክ አይሆንም።

ደግሞስ ለጎጃም ሰው ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ስንደዶ ወይም ጭራሮ ይዞ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያለፈው። ዓይን፣ እጅ፣ አፍ፣ ጆሮ። ችግሩም እዚያው ይታይ ነበር። ልጁ ዜማውን በቃሉ ይይዝና አፉ «ሆ» ላይ ሲደርስ ስንደዶው ገና «ሂ» ላይ ይሆናል። አራቱም ስሜቶች እየሠሩ ናቸው፤ ግን ተለያይተዋል። አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ይቀየራል፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ድምፁም ይቀየራል። የለመደው ዜማ አያድነውም። ዓይኑን ስንደዶው ጫፍ ላይ ማሳረፍ አለበት። ስሜቶቹን መልሶ አንድ ቦታ ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ ዘዴ እኔ አላየሁም።

ወደ ሬዲዮው እንግዳ ልመለስ። «ልጁ በሚመቸው መንገድ ቢማር ምን ይጎዳዋል?» ይሉኝ ይሆናል። ልጅ ምርጫ የለውም አላልሁም። ሥዕል የሚወድ አለ፤ ዘፈን የሚወድ አለ። መውደድ ግን መማር አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት የሥነ ልቦና ባልደረቦቹ በዚህ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች አንድ በአንድ ገመገሙ። የጠየቁት ማስረጃ ግልጽ ነበር። «የዓይን» የተባሉት በዓይን ሲማሩ፣ «የጆሮ» የተባሉት በጆሮ ሲማሩ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ የሚያሳይ፣ ልጆቹን በዕጣ መድቦ የፈተነ ጥናት አለ ወይ? እንዲህ ሆነው በደንብ የተሠሩት በጣም ጥቂት ነበሩ። ከእነዚያም ውስጥ በርከት ያሉት ሐሳቡን የሚቃረኑ ሆነው ተገኙ። ትምህርት ቤቶች ገንዘባቸውን እንዲያወጡበት የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብለው ደመደሙ።

በየትኛው ስሜት እንማር የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ትምህርቱ ነው። ዜማ በሥዕል አይያዝም። የድንጋይና የላባ ክብደት እጅ ላይ ሳይቀመጥ በወሬ አይገባም። የቁጥርን ነገር ደግሞ ገበጣ ከማንም በላይ ያስተምራል። ልጁ ጠጠሮቹን ዘግኖ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይጥላል። አንድ ጠጠር፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ቃል። «አሥር» እስኪል በአፉ የሚቆጥር፣ አሥር ጠጠር ቆጥረህ ስጠኝ ሲባል ግን እፍኙን የሚያቀርብ ልጅ ሞልቷል። እጁና አፉ ገና አልተገናኙም ማለት ነው።

ስለ ጠጠርና ፍሬ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ለመቁጠሪያ ብላችሁ የጉሎ ፍሬ አትስጡ። ዝንጉርጉር ስለሆነ ያምራል፤ በየጓሮው ስላለም በቀላሉ ይገኛል። በክፍል ውስጥ በጣሳ ተቀምጦ አይቼ ደንግጫለሁ። መርዝ ነው፤ ልጅ ካኘከው ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ብርብራም እንዲሁ ይቅር፤ ጣና ላይ ዓሣ የሚደነዝዘው በእሱ ነው። ባቄላና ሽምብራ ደግሞ ለትንንሾቹ አፍንጫ የተሠሩ ይመስላሉ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጨርሶ አይሰጥም፤ ከዚያ በላይም አጠገባቸው ሰው ይኑር። እህል መጫወቻ ሲሆን ቅር የሚላቸው ወላጆችም አሉ። ልክ ናቸው። እህል የሚከበርበት አገር ነው፤ ጠጠርና ቆርኪ ሞልቶልን ጤፍ ወለል ላይ አይበተንም።

ሌላው ቋንቋ ነው። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ቤቱ አውኚ የሚናገር ልጅ እጁን አሸዋ ውስጥ ከትቶ «ሸካራ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ብቻ ከሰማ፣ ጣቱ የነገረው አንድ ነገር ነው፤ ጆሮው የሰማው ባዶ ድምፅ ነው። ስሜቶቹ የሚገናኙት በሚያውቀው ቃል ላይ ነው።

ማየት ለተሳነው ልጅ ጣት፣ መስማት ለተሳነው ዓይን ዋናው በር መሆኑን ማንም አይክድም። ያ ግን የመማር ዓይነት ተብሎ የሚሰጥ ስም አይደለም። በሩ ስለተዘጋ ነው ሌላው የሚከፈተው። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ምን እንደሚያስከትል ያየሁት እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነው።

«የዓይን ልጅ መሆኑን እንዴት ለዩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው እናትየዋን።

«እንዴ፣ ስጠራው አይሰማኝም። ሦስቴ አራቴ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ግን ዓይኑን አይነቅልም። ክፍል ውስጥም የምትለውን ትቶ አፏን ነው የሚያየው ብላኛለች መምህርቱ።»

«ጆሮውን ታሞ ያውቃል?»

«አምና መግል ያወጣ ነበር። ኋላ በራሱ ደረቀ።»

ሬዲዮው ሌላ ወሬ ጀምሯል። ልጁ አፏን የሚያየው የዓይን ልጅ ስለሆነ ላይሆን እንደሚችል ነገርኋቸው። መግል ያወጣ ጆሮ ከደረቀም በኋላ መስማት ሊቀንስ ይችላል። ከኋላው ቆመው፣ ሳያያቸው፣ በዝግታ ስሙን እንዲጠሩት ነገርኋቸው። ዞር ቢልም ባይልም ጤና ጣቢያ ወስደው ጆሮውን እንዲያሳዩት አደራ አልኋቸው። ዝም አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ስሙን ብቻ? ከኋላ?» አሉኝ ደምበጫ ስንደርስ።

«ከኋላ። በዝግታ።»

«ዛሬ ማታ እጠራዋለሁ» አሉና ወረዱ።