«አንሪትን» የሚለው ዘፈን ስለ ማን ነው?
ብዙ ሰው ናታሻ ቤዲንግፊልድ «አንሪትን»ን (Unwritten፣ «ያልተጻፈ» ማለት ነው) ስለ ራሷ የዘፈነችው ይመስለዋል። አይፈረድበትም፤ ግጥሙ «እኔ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ግን የጻፈችው ታናሽ ወንድሟ 14 ዓመት ሲሞላው የልደት ስጦታ እንዲሆነው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ስለዚህ «እኔ» ያለችው ወዲያው «አንተ» ይሆናል፤ ባዶ ገጽ ፊት ለፊቱ የተዘረጋለት ልጅ እሱ ነው።

ግጥሙ ውስጥ ግራ የሚያጋባው ዝናቡ ነው። የሐዘን ምልክት አይደለም፤ ቆዳህ ላይ ሲያርፍ ያለውን ስሜት ሌላ ሰው ሊሰማልህ አይችልም ለማለት ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የመስኮቱን ስንኝ ነው፦ የቆሸሸውን መስኮት ክፈትና ፀሐይ ትግባ፣ ያጣኸውን ቃል ብርሃኑ ያሳይሃል ትላለች። ማብቂያው ላይ የሚገባው የኅብረት ድምፅ የቤተ ክርስቲያን ቃና ስላለው መዝሙር የሚመስላቸውም አይጠፉም።