ስለ ፈጠራ ምንጭ በጎንደር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚሥል፣ በኮምፒውተር ፖስተር የሚነድፍ ወይም ክራር የሚደረድር ወጣት በጎንደር ጥቂት አይደለም። አዲስ ሐሳብ ከየት እንደሚገኝ ሲነሳ ግን ጨዋታውን የሚያበላሹ አባባሎች አሉ።

«ስሜቱ ካልመጣ አይሠራም»

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን አይልም። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው እዚያው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ የራሱንም ግጥም የእንግዳውን መልክና አለባበስ አይቶ ይጨምርበታል። ስሜት እስኪመጣ ልጠብቅ ቢል ሽልማቱ ይቀርበታል።

«ከሌላ የወሰደ የራሱ ሥራ የለውም»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህኛው ነው፤ በተለይ የሚናገረው ሰው በዚያው አፉ የጎንደርን ሥዕል ሲያደንቅ። «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የምንላት የእመቤታችን ሥዕል አነሳሷ ሮም ካለው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባሲሊካ ሥዕል ነው። ቅጂውን ያመጡት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው። ዐፄ ፋሲል ሰዎቹን ከአገር አስወጡ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። የእጆቿ መደራረብ፣ የተዘረጉት ሁለት ጣቶች፣ በግራ እጇ የያዘችው መሐረብ ሳይነኩ ቆዩ። ሌላውን ሠዓሊዎቻችን እንደ ልባቸው አደረጉት፦ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ ይዘው ከግራና ከቀኝ ቆሙ፤ በኋለኛው የጎንደር አሣሣል የሥዕሉ መደብ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ቀለም ሆነ። በጣና ሐይቅ ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ይህን አይቶ «የሮም ነው» የሚል የለም። የወደድከውን ሥራ ውሰድ፤ አንዱን ነገር ጠብቀህ የቀረውን ለውጥ።

«ብዙ መሣሪያና ብዙ ቀለም ቢኖረኝ»

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ብቻ ይሄዳሉ። በጥንቱ ሥዕል ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው ግን ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ማንበብ የማይችል ምእመንም ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። አርማ የሚነድፍ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ያገኛል ብዬ አላምንም።

«ሁሉን የነካካ አንዱንም አይዝ»

በከፊል ልክ ነው፤ ክራር ያለ ልምምድ አይደረደርም። ሐሳብ ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው መሻገሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ደብተራው ዜማ ያዜማል፣ ቅኔ ይቀኛል፣ ብራና ላይ ይጽፋል፣ ይሥላልም። የአቋቋም፣ ማለትም ዜማን ከሽብሸባ ጋር የማቅረብ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ በሆነችው በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ዜማ በዓይንም የሚታይ ነው፦ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ የሰውነት ውዝዋዜው። ደረጃ በደረጃ፣ ከቁም ተነስቶ በዝማሜና በመረግድ አልፎ ጽፋት ላይ ሲደርስ ይፈጥናል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠራ ሰው ፍጥነቱን በዚህ ቢለካ ምን ይጎዳዋል?

«የጎንደር ልጅ ግንቡን ካልሣለ»

ግንቡ በየመታሰቢያ ዕቃው ላይ ተሥሎ አልቋል፤ ይረፍ። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በያዛት ዘመን የተሠሩ፣ ጌጥ ያልበዛባቸው ሕንፃዎች አሉ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ መንደር ደግሞ የሸክላ ሥራ አለ፤ የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።