ኮፈን በመቀየር መኪና አይመዛዘንም

ከቃሊቲ ወደ ገላን ሲወጡ ከመንገዱ ዳርና ዳር ባሉት ጋራዦች ደጃፍ ፓራውልቱ (ባምፐሩ) የወለቀ፣ ኮፈኑ (የሞተር ክዳኑ) በቀላል ፋይበር የተተካ ወይም ፓራፋንጎው (የጎማ መሸፈኛው) የተቆረጠ ቪትዝና ኮሮላ አይጠፋም። ባለቤቱን ቢጠይቁት “ፊቱ ይከብዳል፤ ባላንስ እንዲኖረው ብዬ ነው” ይላል። ፊቱ መክበዱ እውነት ነው። ሞተሩም ካምቢዮውም (ማርሽ ሳጥኑም) ከፊት ሆኖ በፊት ጎማ የሚሄድ ትንሽ መኪና ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው በፊት ጎማዎቹ ላይ ነው። የሚሳሳቱት መፍትሔው ላይ ነው።

“ፋይበር ኮፈን ሚዛኑን ይለውጠዋል”

እስቲ እናስላው። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና 600 ኪሎው ከፊት፣ 400ው ከኋላ ነው እንበል። የትንሽ መኪና የላሜራ ኮፈን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ቢሆን ነው። ፋይበሩ 7 ኪሎ ቢያተርፍልን ከፊት 593፣ በጠቅላላው 993 ኪሎ ይቀራል፤ የፊቱ ድርሻ 59.7 በመቶ መሆኑ ነው። ይኸው ነው ለውጡ። መኪናውን የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ቢያወጡት እንኳ፣ እንዲህ ያለው ሚዛን ብዙውን ጊዜ በ10 ወይም በ20 ኪሎ እየዘለለ ስለሚቆጥር ልዩነቱን ላያሳይ ይችላል።

15 ኪሎ የሚመዝነውን ባትሪ ከፊት ነቅሎ ከኋላ ጎማዎች በላይ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነው። ያኔ 585 ለ415 ይሆናል፤ የፊቱ ድርሻ ወደ 58.5 በመቶ ይወርዳል። ያወረዱት ኪሎ አንዴ ብቻ ይቆጠራል፤ ያዛወሩት ከፊት ተቀንሶ ከኋላ ስለሚደመር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፦ ረጅሙ ኬብል ወፍራም ካልሆነ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ካልተገጠመለትና በላሜራ ጠርዝ እየተፋተገ ከሄደ እሳት ያስነሳል። ባትሪውም ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ ተሳፋሪ ባለበት ክፍል ያለ መተንፈሻ አይቀመጥም። ይህን የማያውቅ ኤሌክትሪሻን ከሆነ ባትሪው ባለበት ቢቆይ ይሻላል።

“ኪሎ ያው ኪሎ ነው፤ የትም ይቀመጥ”

ለእኔ ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ ሌሎቹም ከእሱ የሚወለዱ ናቸው። አህያ የጫነ ሰው ያውቀዋል፦ ጭነቱ ወደ አንገቷ ከተንሸራተተ፣ ክብደቱ ምንም ሳይጨምር አረማመዷ ይበላሻል። በሰበታና በሱሉልታ መንገድ የምናያቸው ፒክአፖች ከፊታቸው የብረት ቱቦ መከላከያ ያስበይዳሉ። መከላከያው 60 ኪሎ ቢሆን፣ ከፊት ጎማው መሐል 80 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ቢወጣ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 2.8 ሜትር ቢሆን የፊት ጎማዎች የሚሸከሙት 60 ሳይሆን 77 ኪሎ ገደማ ነው። ትርፉ 17 ኪሎ ከየት መጣ? ከኋላ ጎማዎች ላይ ነው የተነሣው። ባዶውን ሲሄድ ድሮም ኋላው የሚቀለው ፒክአፕ ጭራሽ ይብስበታል ማለት ነው። ያው 60 ኪሎ በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ቢሆን ኖሮ ግን ለሁለቱም ይከፋፈል ነበር።

ስለዚህ ከፊት ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት ኪሎ ነው?” ብሎ ሳይሆን “ከጎማው ስንት ይርቃል?” ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ያ ብዙ ብር የወጣበት መከላከያ ይሆናል፤ ማን ደፍሮ ይነቅለዋል!

“ከፓራውልቱ ውስጥ ያለው ብረት ትርፍ ነው”

በስሌት ብቻ ካየነው ያጓጓል፤ ከጎማው ርቆ የተቀመጠ ክብደት ነዋ። ነገር ግን የምናየው ፕላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው። ግጭት ሲደርስ የመጀመሪያውን ምት ተቀብሎ ወደ ሻሲው የሚያከፋፍለው ከውስጥ ያለው አግድም ብረት ነው። ከኋላው ያሉት አጫጭር ቱቦዎችም ሲጨማደዱ የምቱን ኃይል እንዲበሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በብዙ መኪኖች የኤርባግ ሴንሰሮችም እዚያው ፊት አካባቢ ናቸው። ብረቱን ቆርጦ መኪናን ማቅለል የራስን እግር መከታ ማሳጣት ነው። ፋይበር ኮፈን የገጠሙም ተጨማሪ መቆለፊያ ያድርጉ፤ በፍጥነት ላይ ተነሥቶ መስታወቱን የሸፈነ ኮፈን ለማንም አይመለስም።

“50 ለ50 ያልሆነ መኪና መኪና አይደለም”

ይህን ወሬ ያስፋፋው ቢኤምደብሊው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በእኩል ክፍፍል ሲኮራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚሠራው ፖርሽ 911 ግን ሞተሩ ከኋላ ጎማዎችም አልፎ የተቀመጠ፣ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ኋላ የሆነ መኪና ነው፤ በመታጠፍ ግን ማንም አያማውም። ሾኩ፣ ሞላውና ጎማው ለዚያ ክፍፍል ስለተመረጡለት ነው።

የእኛ ቪትዝ ደግሞ የሚሄደው በፊት ጎማ ነው። ክረምት ላይ ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ ጭቃ ዳገት የገጠመው ሰው ፊቱ በመቅለሉ አይደሰትም፤ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ዳገቱ ራሱ ክብደቱን ወደ ኋላ ይስብበታል። ደግሞስ ከኋላ ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጫን ያ በ7 ኪሎ የተደከመለት ባላንስ የት አለ?

“ከፊት ሊፕ ከተገጠመ ነፋሱ ይጫነዋል”

ሊፕ የሚሉት ከፊት ፓራውልት ሥር የሚገጠመውን ዝቅ ያለ ጠርዝ ነው። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በሰዓት በ60 የሚያገኙት በ120 ከሚያገኙት ሩቡን ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ አየሩም በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በመንደር መንገድ ሊፑን የሚያገኘው ነፋስ ሳይሆን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው።

“ኤሌክትሪክ መኪና ፊቱ ባዶ ነው፤ ቢቆረጥ ምን አለበት”

የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህም መሰማት ጀምሯል። የኤሌክትሪኩ ከባድ ዕቃ ባትሪው ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ወለሉ ሥር ስለተዘረጋ ክብደቱ ከፋብሪካ የወጣው ተከፋፍሎ ነው። ብርቱካናማ ኬብል (ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት) ያዩበት ቦታ ላይ መቁረጫም መበየጃም አያስጠጉ።

“ፊቱ ከበደኝ” የሚል ሾፌር ከላሜራ ሠሪው በፊት ጎሚስታ ጋ ይሂድ። የፊትና የኋላ ጎማ የነፋስ ልክ በሾፌሩ በር ዓምድ ላይ ተጽፏል፤ በብዙ መኪኖችም ሁለቱ ይለያያሉ። ከዚያ የፊት ሞላውንና ሾኩን ያሳይ፤ ቀጥሎ አላይመንት ያስይዝ። መሪው አሁንም ከከበደ ያኔ ስለ ባትሪው ቦታ እናወራለን።