የክብር አዳራሽና የወሎ ሴቶች

የክብር አዳራሽ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ የሠሩ ሰዎች በየጊዜው እየተመረጡ ስማቸው፣ ምስላቸውና የሥራቸው ታሪክ በቋሚነት የሚቀመጥበት ተቋም ነው። ለሴቶች ከተቋቋሙት መካከል በሰፊው የሚታወቀው በአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ በሴኔካ ፎልስ ከተማ የሚገኘው ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በ1973 የመጀመሪያዎቹን 20 ሴቶች ተቀበለ። ከተማዋ በ1848 የተካሄደው የሴቶች መብት ጉባኤ መነሻ ናት። ከዚያ በኋላ ግዛቶች የየራሳቸውን ከፈቱ፤ አይዋ በ1975፣ ሚሺጋን በ1983። አሠራሩ ተቀራራቢ ነው፦ ሕዝብ እጩ ይጠቁማል፣ ኮሚቴ ማስረጃውን ይመረምራል፣ የተመረጡት በየዓመቱ በይፋ ይከበራሉ። ሚሺጋን ያለፈው ዘመን ሴቶችንና የአሁኖቹን በሁለት መደብ ለይቶ ያያል። በደሴ ለወሎ ሴቶች እንዲህ ያለ አዳራሽ ቢቋቋም ይህ አከፋፈል በጣም የሚስማማ ይመስለኛል፤ የጥንቶቹ ዝና የዛሬዎቹን እንዳይውጥ ያደርጋልና።

ደሴ ሴቶቿን የምታስታውሰው በትምህርት ቤት ስም፣ በዘር ቆጠራና በዘፈን ነው። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤትን የማያውቅ የደሴ ሰው አይገኝም። እነ ዋለልኝ መኮንን የተማሩበት በመሆኑ ስሙ ከተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ጋር ተሳስሮ ቀርቷል። ወይዘሮ ስኂን ማን ነበሩ ብሎ ለሚጠይቅ ግን የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ባለቤት፣ የእቴጌ መነን እናት። ልጅነታቸው፣ ሚስትነታቸውና እናትነታቸው ተነገረ፤ ሥራቸው አልተነገረም። የክብር አዳራሽ የሚያስፈልገው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

በልጃቸው በእቴጌ መነን ዘንድ ሥራው በግልጽ ይታያል። በ1883 ዓ.ም. ተወልደው በ1954 ዓ.ም. ያረፉት እቴጌ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሌላዋ እቴጌ መነን፣ ወረሂመኖ የተባለው የወሎ ግዛት ገዥ የሊበን አመዴ ልጅና የራስ ዓሊ እናት፣ በጎንደር በራሳቸው ሥልጣን ያዘዙ ሴት ነበሩ። በ1839 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ጦር መርተው ገጥመው ተማረኩ።

ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጽሑፍ የሚገባቸው ግን የወረሂመኖዋ ገዥ ወርቂት ናቸው። ሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ እስር አምልጦ ወደ ግዛታቸው ሲገባ፣ የወርቂት ልጅ በቴዎድሮስ እጅ እዚያው መቅደላ ነበር። ስደተኛውን አስይዘው ልጃቸውን ማስለቀቅ የሚችሉ ይመስል ነበር። ቴዎድሮስ ግን በቁጣ ልጁን ገደሉት፤ ምኒልክም በወርቂት ምድር አልፎ ሸዋ ገባ፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲከብ ወርቂትና ተቀናቃኛቸው መስተዋት የአምባውን መውጫዎች እንዲዘጉ ተጠይቀዋል። አዳራሹ ይህን ሁሉ፣ የልጅ ሐዘኑንም የሥልጣን ፉክክሩንም፣ ሳይሸፋፍን ቢጽፈው ክብራቸው አይቀንስም። ምኒልክ ሸዋ ስለመድረሱ በተጻፈ ቁጥር ስማቸው በአንድ መስመር ብቻ የሚታለፍ እናት ሙሉ ገጽ ይገባቸዋል።

ቤተ መንግሥት ያልተወለዱትስ? ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰ አምባሰልና ባቲ የተባሉትን የዜማ ቅኝቶች በድምጿ ከወሎ አሻግራ ለመላው አገር አድርሳለች፤ በሕይወት ዘመናቸው ከሚከበሩት ተርታ ከፊት ልትቆም የሚገባት ናት። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ዱበርቲ የሚባሉ እናቶች አሉ። እጣኑ ሲጨስ፣ ቡናው ሲቀርብ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ለታመመው፣ ለመንገደኛውና ለዝናቡ ዱዓ ያደርጋሉ፤ የተሰበሰበው ሁሉ አሚን ይላል። የተጣሉ ጎረቤታሞች የሚታረቁበት አጋጣሚም ይሆናል። ማዕረጋቸው በደብዳቤ የሚሰጥ አይደለም፤ የኮሚቴ መመዘኛ ዲግሪና ሹመት ብቻ ከሆነ አንዳቸውም አይገቡም። ኮምቦልቻም የራሷ እጩዎች አሏት። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋና በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ ውስጥ ስፌቱን የያዙት በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ባልደረቦቿን አሠልጥና መስመር የምትመራ ሠራተኛ በማናቸውም መመዘኛ የምታንስ አይደለችም።

ቦታውን በተመለከተ ደሴ ውስጥ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ነው። ግብር ይበላበት የነበረው ይህ ሰፊ ቤት ለሥነ ሥርዓቱ ይመቻል። ለቋሚ ማሳያ ግን በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የተከፈተው የደሴ ሙዚየም ይሻላል፤ ቅርስ መጠበቅ ሥራው ነውና። ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። ስለዚህ ከተማዋ ስለ ሴቶቿ የምታስቀምጠው ማስረጃ በአንድ ቤት ብቻ መቀመጥ የለበትም። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያሉት ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች ለባለቤቶቻቸው እየተመለሱ ቅጂያቸው ብቻ ቢሰበሰብ፣ የአረጋውያንም ቃል በድምፅ ቢቀረጽና አንዱ ቅጂ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሌላው በሙዚየሙ ቢኖር፣ የአዳራሹ ግንባታ እስኪጀመር ሳይጠበቅ ምርጫው ሊጀመር ይችላል።