የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት ምንድን ነው? መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ስለ ረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ እንዲጠቁሙት ጠየቀ። አንዱ ፈጥኖ መለሰለት፦ «መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል? አንድ ጥሩ አክሲዮን ግዛና ሃያ ዓመት እርሳው። የረጅም ጊዜ ማለት ይኸው ነው።» ስንቱ አጨበጨበለት መሰላችሁ!

አይደለም ወንድሜ፤ ይኼ ገዝቶ መርሳት ነው። የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት ለቅርብ ጊዜ የማትፈልጉትን ገንዘብ በብዙ ድርጅቶች ላይ በትኖ፣ ወጪውን ዝቅ አድርጎ፣ የሚገኘውን የትርፍ ድርሻ መልሶ እያስገቡ ማቆየት ነው። መቆየቱ የመጨረሻው ቁራጭ ነው፤ ሰው ግን የሚይዘው እሷኑ ብቻ ነው።

ጠጅን አስቡ። ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት ከሆነ ጥንስሱ ስለቆየ ጥሩ ጠጅ አይወጣውም፤ ሲብስም ይኮመጥጣል። ጋኑ ስንጥቅ ካለው ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል። ማሩን ሁሉ በአንድ ጋን የጠነሰሰ ደግሞ ያ ጋን የተሰበረ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። (ለጌሾው ምሳሌ አላገኘሁለትም፤ ይለፈኝ።)

«ገበያ ወረደም ወጣም መመለሱ አይቀርም» ለሚለው ደግሞ የጃፓንን ታሪክ ልንገረው። የቶኪዮው ኒኬይ 225፣ ማለትም የ225 ትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚለካው ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ወደ 38,900 ነጥብ ደርሶ ወደቀ። ያንን ከፍታ ያለፈው በ2024 ነው፤ 34 ዓመት ፈጀበት። እሱም አንድ አክሲዮን ብቻ ሳይሆን 225 ኩባንያ ይዞ ነው። እርግጥ ቁጥሩ የትርፍ ድርሻን አይጨምርም፤ ዋጋው ሲወርድ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሲገዛ የቆየ ሰው ዕጣም የተሻለ ነበር።

ስንጥቁ ጋን የአስተዳደር ክፍያው ነው። 100,000 ዶላር በየዓመቱ 7 በመቶ ቢያድግ ከ30 ዓመት በኋላ ወደ 761,000 ይጠጋል። ፈንዱን (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛበትን ቋት) የሚያስተዳድረው ድርጅት «1 በመቶ ብቻ» በየዓመቱ ከወሰደና እድገቱ 6 በመቶ ከሆነ ግን የሚደርሳችሁ 574,000 ግድም ነው። 187,000 ዶላር በዚያች «ብቻ» ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ስትመርጡ መጀመሪያ ማውጫውን ግለጡና የክፍያ ምዕራፍ ፈልጉ። ከሌለው ወደ መደርደሪያው መልሱት።

ቀጥሎ «አማካይ ትርፍ» የሚለውን እንዴት እንደሚያሰላ እዩ። ዘንድሮ 50 በመቶ የወደቀ፣ ለከርሞ 50 በመቶ የወጣ ገንዘብ አማካዩ ዜሮ ነው፤ ኪሳችሁ ውስጥ ግን ከ100 የቀረው 75 ነው። በዚህ ስሌት የሚያልፍ ደራሲ ስንት ገጠመኝ!

ደግሞም መጽሐፉ ለማን አገር ሕግ እንደተጻፈ ይታይ። ስለ 401ኬ፣ ማለትም በአሜሪካ በአሠሪ በኩል ስለሚከፈተው የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ የሚያወራው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህታችሁ ይጠቅማታል፤ የአሠሪዋን መዋጮ ሳትወስድ መቅረት የለባትም። አዲስ አበባ ላለው ግን ያ ምዕራፍ ወሬ ነው። አክሲዮን የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ መበተኛ የሚሆኑ ኩባንያዎችም ገና ጥቂት ናቸው። «እንግዲያው ባንክ ላስቀምጥ» የሚል አለ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100 ብር 107 ሲሆን፣ 100 ብር የነበረው ዕቃ 130 ገባ። ስለ ግሽበት በአንድ አንቀጽ የሚያልፍ መጽሐፍ ለእኛ አገር አንባቢ አይሆንም።

አሮጌ እትም በቅናሽ ካገኛችሁ ግዙ፤ የታክስ ምዕራፉን ብቻ ዝለሉት፣ የ401ኬ መዋጮ ጣሪያ በየጊዜው ይቀየራል። የክፍያው ሒሳብ ግን ያኔም ዛሬም አንድ ነው።