ቻናል ሲጠፋ ዲሹን ቶሎ አትንኩ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እማማ ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ የልጅ ልጃቸው ቆርቆሮ ላይ ወጥቷል። ዲሹን በሁለት እጁ ይዞ ያዞራል፣ «መጣ?» ይላል። እሳቸው ከሳሎን «ኧረ አልመጣም ልጄ!» ይላሉ። ጠዋት የኢትዮጵያ ቻናሎች በሙሉ ጠፍተዋል፣ በሌላው ዲሽ ከናይልሳት ሳተላይት የሚመጡት ግን ይሠሩ ነበር። ልጁ «ሌሊት ነፋስ አዙሮታል» ብሎ ብሎኑን ፈታው።

ዲሹ ግን አልዞረም ነበር። በኋላ ያገኘነው ጥፋት ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የዛገ ሽቦ ነው። ዲሹ በመነካቱ ግን የአሥር ደቂቃ ሥራ እስከ ማታ ወሰደብን፣ እማማም የማታውን ዜና ሳያዩ አደሩ። ድሬ ላይ ይሄ በየሰፈሩ ይደጋገማል፣ ሐረርም ያው ነው። ሰዉ በተሳሳተ ወሬ የተነሳ ደህና ዲሽ ይፈታል፣ የማያስፈልግ ዕቃ ይገዛል። ስለዚህ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ቻናል ከጠፋ ዲሹ ዞሯል ማለት ነው»

አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የጠፋው ምን ያህል እንደሆነ እዩ። አንድ ቻናል ብቻ ከሆነ ጎረቤት ጋ ጠይቁ። እዚያም ከሌለ ወይ ጣቢያው ሥርጭት አቋርጧል፣ ወይ ፍሪኩዌንሲ ቀይሯል። ዲሽ አንድ ቻናል መርጦ አይጥልም፣ ምክንያቱም ቻናሎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በርከት ብለው ተጭነው ነው የሚመጡት። የኢትዮጵያ ቻናሎች በሚመጡበት ሳተላይት፣ ኢትዮሳት ላይ፣ 11105፣ 11545 እና 11605 የሚባሉትን ብትወስዱ እያንዳንዳቸው ብዙ ቻናል የተሸከሙ ናቸው።

አንድ ሳተላይት በሙሉ ከጠፋና ሌላው ከሠራ፣ ጥፋቱ ያለው በዚያ ዲሽ መስመር ላይ ነው፤ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት የተገጠመው ሲግናል ተቀባይ)፣ ገመዱ፣ ወይም ስዊቹ (የሁለቱን ዲሽ ገመድ ወደ አንድ የሚያገናኘው) ላይ ያለው የራሱ ቀዳዳ። ሁለቱም ሳተላይት በአንድ ጊዜ ከጠፉ ደግሞ ጣሪያ ላይ አትውጡ። ሁለት ዲሽ በአንድ ሌሊት አብሮ አይዞርም። ያኔ የሚታየው ሪሲቨሩ፣ ስዊቹ፣ ከስዊቹ ወደ ቤት የሚገባው ገመድ ነው።

ዲሽ መዞሩ አይቀርም፣ ይዞራል። ግን የዞረ ዲሽ በእጅ ስትገፉት ይነቃነቃል፣ ብሎኑ ላልቷል። የ90 ሳንቲም ዲሽ አንድ ዲግሪ ዞረ ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ዘመመ ማለት ነው፣ በዓይን አይታይም፣ ሲግናሉን ግን በጣም ያዳክመዋል። ስለዚህ ብሎኑ ጥብቅ ከሆነ፣ ዲሹም ካልተነቃነቀ ተዉት። መፍታት ግድ ከሆነም ሳትፈቱ በፊት ቱቦውና ማቀፊያው የሚገናኙበት ላይ በቀለም ወይም በሚስማር መስመር አስምሩ። የእማማ የልጅ ልጅ ያቺን መስመር ቢያሰምር ኖሮ ዲሹን ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ደቂቃ ይበቃን ነበር።

«ከፍ ሲል ይስባል»

ይሄ ከአንቴና ዘመን የቀረ ነው፣ ያኔም እውነት ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሲጀምርና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሥርጭቱ የሚመጣው መሬት ላይ ከተተከለ ማሠራጫ ነበር። ሞገዱ በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ጋራ ይጋርደዋል። ድሬ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጋራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ረጅም ቱቦ ላይ የተሰቀለ አንቴና ያን ጊዜ በእርግጥ ይረዳ ነበር። አሁንም በአንቴና የሚያይ ሰው ካለ ከፍታ ይጠቅመዋል።

ዲሽ ሌላ ነው። ሳተላይቱ ከኛ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሦስት ሜትር ቱቦ ብትጨምሩ ያተረፋችሁት ነገር የለም፣ ይልቁንም ረጅም ቱቦ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። ዲሽ የሚፈልገው የማይነቃነቅ ቦታና ክፍት ሰማይ ነው። ግድግዳ ላይ፣ ግቢ ውስጥ መሬት ላይም ቢሆን ይሠራል።

ክፍት ሰማይ ስል በየት በኩል? የኢትዮጵያ ቻናሎች በ2012 ዓ.ም ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ አቅጣጫው ፈጽሞ ተለወጠ። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ድሬ ላይ ቆማችሁ ሐረር ወዳለችበት ፊታችሁን አዙሩ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ በሉ፣ ከዚያ አንገታችሁን ወደ ሰማይ አቅኑ፤ ከአድማስ 69 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ወደ አናት የተጠጋ ነው። ሐረር ያለ ሰው ደግሞ ወደ ባቢሌ አቅጣጫ ይመልከት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ናይልሳት በተቃራኒው ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ነው፣ ቁመቱም 33 ዲግሪ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሰማይ ስላለ ነው አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ጠምዶ ሁለቱንም ማየት የማይቻለው።

ይሄን ካወቃችሁ «ጎረቤት ፎቅ ሠራና ሲግናሌን ወሰደብኝ» የሚለውን ራሳችሁ መመርመር ትችላላችሁ። ከዲሻችሁ 10 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ በምዕራብ በኩል ከ15 ሜትር ባነሰ ርቀት ከቆመ ናይልሳትን በእርግጥ ይጋርዳል። ኢትዮሳትን ለመጋረድ ግን ያው ሕንፃ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 4 ሜትር ድረስ መጠጋት አለበት። ስለዚህ ኢትዮሳትን የሚጋርደው ብዙ ጊዜ ሕንፃ ሳይሆን ዛፍ ነው፣ ዲሹን ስትተክሉ ትንሽ የነበረ፣ አሁን ከላይ የተዘረጋ ዛፍ። በሐረር ጀጎል ውስጥ ቤት ከቤት በተጠጋበት ሰፈርም ኢትዮሳት ከናይልሳት ይልቅ በቀላሉ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች «ይሄ ዲሽ እኮ ወደ ላይ አያይም፣ እንዴት ይሠራል?» ብለው ያጋድሙታል። አብዛኛው የቤት ዲሽ ኤልኤንቢው ከመሐል ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ የሚያየው ፊቱ ካዘመመው ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ አድርጎ ነው። በዓይን ፍርድ አታጋድሙት።

«ዝናብ ዲሹን አበላሸው»

ዝናብ ዲሽ አያበላሽም። ከባድ ዝናብ ሲጥል ሲግናል ይዳከማል፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ ሲያባራ ግን ይመለሳል። ዝናቡ ቆሞ አንድ ሰዓት ካለፈና ቻናሉ ካልተመለሰ ውሃ ገመድ ውስጥ ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

የእማማ ችግር ይሄው ነበር። ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅለን ወደ ኢትዮሳቱ ኤልኤንቢ ሄድኩ። ገመዱ የሚገባበት ጫፍ ላይ የተጠቀለለው ናስትሮ በፀሐይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። የድሬ ፀሐይ ፕላስቲክ አትምርም። ጃኩን ፈትቼ ሳወጣው መሐል ያለችው ሽቦ ጠቁራለች፣ ጫፏ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ይዟል፣ በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት ተቆረጠች። ዙሪያዋን ያለው የተጠለፈው ሽቦም እርጥብ ነበር። በዚህ ውስጥ ምንም ሲግናል አያልፍም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የጠቆረው አልቆ የሚያበራ መዳብ እስኪወጣ ድረስ ገመዱን ቁረጡ፣ አንድ ስንዝር ቢሄድም አትሰስቱ። ጫፉን ስትልጡ ከዙሪያው ሽቦ አንዲት ክር እንኳ መሐለኛዋን እንዳትነካ ተጠንቀቁ፣ ከነካች ሾርት ነው። አዲስ ጃክ አስገቡ፣ በእጅ እስከሚጠብቅ አጥብቁ፣ ናስትሮውን ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ። ከዚያ ገመዱ ወደ ኤልኤንቢው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንዲመለስ አድርጉት፣ ውሃው እዚያች ጉብጠት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ጃኩ አይሄድም። ሪሲቨሩን ከሶኬት መንቀል ያልኩት በምክንያት ነው። ገመዱ ውስጥ ከሪሲቨሩ የሚወጣ 13 ወይም 18 ቮልት አለ፣ ሾርት ሲሆን ሪሲቨሩን ሊያቃጥል ይችላል። ዝናብ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ፣ የመብራት ሽቦ በተጠጋበትም በጭራሽ።

«መስመሩ ሞልቷል፣ ሲግናልማ አለ»

ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንደኛው ጉልበት፣ ሁለተኛው ጥራት ነው። ጉልበቱ ከፍ አለ ማለት ኤልኤንቢው መብራት አግኝቷል፣ ገመዱም ደርሷል ማለት ነው፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ሊሞላ ይችላል። ቻናል የሚያመጣው ጥራቱ ነው። ዲሽ ስታስተካክሉ ዓይናችሁ ሁለተኛው ላይ ይሁን። ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ ነካ አድርጋችሁ ሦስት አራት ሰከንድ ጠብቁ፣ ሪሲቨሩ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። እኛ ያን ቀን ማታ ድረስ የቆየነው በዚህ ነው፤ ልጁ ቶሎ ቶሎ ስለሚያዞረው ሁለት ጊዜ ሳተላይቱ ላይ ደርሶ አልፎታል።

«ሌላው ቻናል ስለሚሠራ ሪሲቨሩ ጤነኛ ነው»

ይሄን ጥሩ ባለሙያ ነን የሚሉም ይስቱታል። ሞገዱ በሁለት ዓይነት ይመጣል፣ አግድሙ ኤች፣ ቁሙ ቪ ይባላል። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስት የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲዎች ሁሉም ኤች ናቸው። ኤልኤንቢው ኤች እንዲቀበል ሪሲቨሩ 18 ቮልት ይልካል፣ ለቪ ደግሞ 13። የሪሲቨሩ መብራት ክፍል ሲደክም፣ ወይም ገመዱ ረጅምና የዛገ ሲሆን፣ 18ቱ ሳይደርስ ይቀራል። ያኔ ኤች የሆነው በሙሉ ይጠፋል፣ ናይልሳት ላይ ያሉት የቪ ቻናሎች ግን ይሠራሉ። ሰው ይሄን ሲያይ ዲሹን ይወነጅላል።

መለያው እንዲህ ነው። የኢትዮሳቱን ገመድ ከስዊቹ ፈትታችሁ በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ግጠሙ፣ ሜኑ ውስጥ ዳይሴክ የሚለውን (የስዊቹን ማዘዣ) አጥፉ። ከመጣ ስዊቹ ሞቷል፣ እሱ ደግሞ ርካሽ ዕቃ ነው። ካልመጣ የጎረቤት ሪሲቨር ለአሥር ደቂቃ ተዋሱ። በሱ ከሠራ ችግሩ የእናንተው ሪሲቨር ነው። አቦ፣ ጎረቤት ይሄን አይከለክልም።

«ሪሴት ሲደረግ ይስተካከላል»

ሪሴት ያላችሁን ሁሉ ያጠፋል፣ የተበላሸ ገመድ ግን አይጠግንም። ከዚያ በኋላ ሳተላይቱን፣ የኤልኤንቢውን ቁጥሮች 9750 እና 10600፣ ፍሪኩዌንሲውን እንደገና ማስገባት ሊኖርባችሁ ነው። ይልቅ አንድ ፍሪኩዌንሲ በእጅ ሰርች አድርጉ፤ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ኤች፣ ሲምቦል ሬት 45000። ጥራት ካሳየ ዲሹ በቦታው ነው፣ የጎደለውን ሰርች ይሞላዋል።

«ቻናሉ እንዲከፈት ይከፈላል» የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን ያዙ። የኢትዮሳት የኢትዮጵያ ቻናሎች ያለ ክፍያ ነው የሚታዩት። ለሠራበት የእጅ ዋጋውን መክፈል ተገቢ ነው፣ ለማስከፈቻ ግን ምንም የለም። ከአዛውንቶች በዚህ ስም ገንዘብ ሲወሰድ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

«0.1 የተጻፈበት ኤልኤንቢ ይሻላል» ለሚሉት፣ ካርቶኑ ላይ ያለችው ቁጥር የሻጭ ናት። በደንብ ያልተስተካከለ ዲሽ ላይ የምታመጣው ለውጥ የለም። ድምፅ እየመጣ ምስል ከሌለ ደግሞ ዲሹም ኤልኤንቢውም ንጹሕ ናቸው፤ ጣቢያው በኤችዲ ያስተላልፋል፣ የቆየው ሪሲቨር ያንን መፍታት አይችልም። እዚያ ላይ ብቻ ነው አዲስ ሪሲቨር ግዙ የምለው።

«በጠራ ሰማይ ከጠፋ በእርግጥ ተበላሽቷል»

በመስቀል ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ሁለት ቀን በተከታታይ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ኢትዮሳት ለጥቂት ደቂቃ ይቆራረጥበታል። ጠብታ ዳመና የለም። ዲሽ ሠሪ ሊጠራ ነበር። ይሄ የፀሐይ ሥራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመስከረም 17 እና ከመጋቢት 7 ዙሪያ ባሉ ጥቂት ቀናት፣ ከኛ ሲታይ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ፀሐይም ሞገድ ትለቃለችና ዲሹ ውስጥ ገብታ የሳተላይቱን ድምፅ ትውጠዋለች። በነዚያ ደቂቃዎች የኤልኤንቢው ጥላ ዲሹ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ብታዩ ይገባችኋል። ማንንም አትጥሩ፣ ብሎንም አትፍቱ። ቡና አፍልታችሁ እስክትቀዱ ድረስ ተመልሶ ይመጣል።